የፒቱታሪ ዕጢን ሳይሸመድዱ መማር፦ ከሥዕሉ እስከ ላቦራቶሪ ውጤቱ

የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ከአንጎል ሥር ሆኖ ሌሎች ዕጢዎችን ስለሚያዘው ፒቱታሪ ዕጢ ሲጠየቁ የሆርሞኖቹን ስም ያለ ስህተት ይደረድራሉ፤ ጥያቄው «ዕጢው የተንጠለጠለበት አገዳ ቢቆረጥ የትኛው ሆርሞን ይጨምራል?» ወይም «ታይሮይድን የሚያዘው የፒቱታሪ ሆርሞን ቲኤስኤች ኖርማል ሆኖ ሳለ የታይሮይድ ሆርሞን ለምን ዝቅ አለ?» ወደሚል ሲዞር ግን ብዙዎቹ ይቆማሉ። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ምክንያት አንድ ነው፤ ዝርዝሩ የተሸመደደው ከቦታው፣ ከደም መንገዱና ከሚታዘዘው ዕጢ ተነጥሎ ነው። እዚህ የምንከተለው ቅደም ተከተል ከዚያ ይለያል። መጀመሪያ ይስላሉ፣ ቀጥሎ ሆርሞኖቹን በሥዕሉ ላይ ያስኬዳሉ፣ በመጨረሻም የደም ምርመራ ውጤት ያነባሉ። ደረጃ አይዝለሉ፤ ስምንተኛው ላይ የሚሳሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ያልሠራ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

መስመር የሌለው ሁለት ወረቀት፣ እርሳስ፣ እንዲሁም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እስክሪብቶ ያዘጋጁ። ቀዩ ለደም ሥር፣ አረንጓዴው ለነርቭ፣ ሰማያዊው ለሆርሞን ብቻ ይሁን። ቀለሞቹን ካደባለቁ የፊተኛውና የኋለኛው ክፍል ልዩነት ይጠፋብዎታል፤ የትምህርቱ ግማሽ ደግሞ ያ ልዩነት ነው።

አንድ የቃል ጥንቃቄም አለ። በአማርኛ «ዕጢ» የምንለው ሁለት ነገር ነው፤ በተፈጥሮ ያለውን ሆርሞን አመንጪ አካልም፣ በሽታ ሆኖ የሚያድገውን እባጭም በዚሁ ቃል እንጠራለን። በማስታወሻዎ ላይ የተፈጥሮውን ብቻ «ዕጢ»፣ የሚያድገውን ደግሞ «አዴኖማ» ብለው ይጻፉ። ለታካሚ ሲያስረዱም ይህን ይለዩ። «የጭንቅላትዎን ዕጢ እንመርምር» የተባሉ አንዲት እናት ካንሰር የተነገራቸው መስሏቸው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ የተባለው ግን ሁላችንም ያለን ዕጢ በደም ምርመራ ይታይ የሚል ነበር።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ይሳሉ

ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት። በግራ በኩል ከጎን የሚታየውን፣ በቀኝ በኩል ከፊት የሚታየውን ይሳሉ።

1. በግራው ሥዕል ላይ የፈረስ ኮርቻ የሚመስል ጎድጓዳ ይሳሉ። ይህ በራስ ቅል ወለል መካከል የሚገኘው የስፊኖይድ አጥንት ክፍል ሲሆን፣ ሴላ ቱርሲካ የሚለው ስሙም የቱርክ ኮርቻ ማለት ነው።
2. በጎድጓዳው ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ክብ ያስቀምጡ። የአዋቂ ሰው ፒቱታሪ ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ ነው።
3. ከኮርቻው ሥር አየር የያዘውን የስፊኖይድ ሳይነስ ይሳሉ። ቀዶ ሐኪሞች በአፍንጫ ገብተው ዕጢው ዘንድ የሚደርሱት በዚህ በኩል ነው።
4. በኮርቻው አናት ላይ መሃሉ የተበሳ ስስ ሽፋን ያስምሩ። በቀዳዳው ቀጭን አገዳ አሳልፈው ከላይ ካለውና ፒቱታሪን ከሚያዘው የአንጎል ክፍል፣ ከሃይፖታላመስ፣ ጋር ያገናኙት። አገዳው ኢንፈንዲቡለም ይባላል።
5. ከሽፋኑ በላይ፣ ከአገዳው ፊት፣ የዕይታ ነርቮች የሚሻገሩበትን ኦፕቲክ ካያዝም በአረንጓዴ ይሳሉ።
6. ወደ ቀኙ ሥዕል ይሂዱ። ከዕጢው ግራና ቀኝ ካቨርነስ ሳይነስ የሚባሉትን ሁለት የደም መልስ ክፍተቶች ያስቀምጡ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የካሮቲድ ደም ቅዳንና 6ኛውን የራስ ነርቭ፣ በውጨኛው ግድግዳ ላይ ደግሞ 3ኛውን፣ 4ኛውንና የ5ኛውን ነርቭ ሁለት የላይ ቅርንጫፎች ያስገቡ።

አሁን ሥዕሉን ያናግሩት። አዴኖማ ወደ ላይ ቢያድግ ምን ይነካል? ካያዝምን ከሥር ይጫናል። እዚያ የሚሻገሩት በአፍንጫ በኩል ካለው የሬቲና ግማሽ የሚመጡት የነርቭ ጭረቶች ናቸው፤ እነርሱ የሚያዩት ደግሞ የውጪውን ጎን ስለሆነ፣ ታካሚው በሁለቱም ዓይኖቹ የግራና የቀኝ ዳር ዳሩ ይጠፋበታል። በሩ መቃን ላይ ትከሻው የሚጋጭ፣ ከጎኑ የሚመጣ መኪና የማይታየው፣ ፊት ለፊት ያለውን ጽሑፍ ግን አጥርቶ የሚያነብ ሰው ይሆናል። ወደ ጎን ቢያድግ የዓይን ሽፋን መውደቅና አንዱን ሁለት ማየት ይመጣል።

ከተሳሳቱ፦ ብዙዎች ካያዝምን ከአገዳው ኋላ ይስሉታል። ዓይን ከፊት መሆኑን ያስቡ፤ ነርቮቹ ከፊት መጥተው ነው ዕጢው አናት ላይ የሚገናኙት።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ክፍሎች ይለዩ

ክቡን በቀጥታ መስመር ለሁለት ይክፈሉ። ፊተኛው ይተልቅ፤ ከዕጢው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፊተኛው ክፍል በፅንስ ጊዜ ከአፍ ጣሪያ ወደ ላይ ካጎነቆለ ከረጢት የተሠራ እውነተኛ ሆርሞን አምራች ሕብረ ሕዋስ ሲሆን፣ ኋለኛው ደግሞ ከአንጎል ወለል ወደ ታች የወረደ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ነው። ስለዚህ በፊተኛው ላይ «አምራች»፣ በኋለኛው ላይ «መጋዘን» ብለው ይጻፉ። ከሃይፖታላመስ ተነስተው በአገዳው በኩል ኋለኛው ክፍል ድረስ የሚወርዱ አረንጓዴ ጭረቶችን ያስምሩ። ወደ ፊተኛው ክፍል ግን አንድም አረንጓዴ መስመር አያስገቡ።

ደረጃ 3፦ የደም መንገዱን ይሳሉ

ተማሪዎች በጣም የሚቸኩሉበት ደረጃ ይህ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ይያዙና በዝግታ ይሂዱ።

1. በአገዳው መነሻ፣ ከሃይፖታላመስ ግርጌ፣ የመጀመሪያውን የቀጫጭን ደም ሥሮች መረብ ይሳሉ። ደም የሚያመጣለት የላይኛው ሃይፖፊዚያል ደም ቅዳ ነው።
2. ከዚህ መረብ ተነስተው በአገዳው ላይ የሚወርዱ ደም መልሶችን ያስምሩ፤ ፖርታል ደም ሥሮች ይባላሉ።
3. በፊተኛው ክፍል ውስጥ ሁለተኛውን መረብ ይሳሉ።
4. ኋለኛውን ክፍል ከታችኛው ሃይፖፊዚያል ደም ቅዳ ጋር ለብቻው ያገናኙ።

ሃይፖታላመስ ትእዛዙን የሚያፈሰው በመጀመሪያው መረብ ውስጥ ነው፤ ትእዛዙ በመላው ሰውነት ሳይበተንና ሳይሳሳ በፖርታል ደም ሥሮች በኩል በቀጥታ ሁለተኛው መረብ ይደርሳል። ይህ አጭር መንገድ ዕጢውን ተጋላጭም ያደርገዋል። በእርግዝና ወቅት ወተት አዛዥ ሕዋሳት ስለሚበዙ ዕጢው ይተልቃል፤ ሆኖም ደም የሚያገኘው በአብዛኛው በእነዚሁ ዝቅተኛ ግፊት ባላቸው ደም መልሶች በኩል ነው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሶ ግፊት ሲወድቅ ፊተኛው ክፍል ሊሞት ይችላል። ይህ ሺሃን ሲንድሮም ነው፤ ስሙን ያገኘውም በ1937 እ.ኤ.አ. ባብራራው እንግሊዛዊ ፓቶሎጂስት ነው። በአገራችን ከጤና ተቋም ርቀው የሚወልዱ እናቶች ስላሉ ይህን ለፈተና ብቻ ብለው አያጥኑት።

ደረጃ 4፦ የፊተኛውን ክፍል ሆርሞኖች በሰንሰለት ይጻፉ

በሁለተኛው ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ የሃይፖታላመስ ትእዛዝ፣ የፒቱታሪ ሆርሞን፣ ታዛዡ አካል፣ የመጨረሻው ውጤት። ሆርሞኖቹ ስድስት፣ የሕዋሱ ዓይነት ግን አምስት ነው።

1. ኤሲቲኤች። ሲአርኤች ያዘዋል፤ ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል ዕጢ አነሳስቶ ኮርቲሶል ያስመርታል። ኮርቲሶል ማለዳ ከፍ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። የሰውነትን ሶዲየምና ፖታሲየም የሚቆጣጠረውን የአድሬናል ሆርሞን፣ አልዶስተሮንን፣ በዋናነት የሚያዘው የኩላሊት ሬኒን እንጂ ኤሲቲኤች አለመሆኑን ከጎኑ ይጻፉ፤ በኋላ ያስፈልግዎታል።

2. ቲኤስኤች። ቲአርኤች ያዘዋል፤ ታይሮይድ ቲ4ና ቲ3 ያመርታል። ቲ4 በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መድኃኒት ከተቀየረ በኋላ ከስድስት ሳምንት በፊት መመርመር ያሳስታል።

3. ኤፍኤስኤችና ኤልኤች። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ሕዋስ ይወጣሉ፤ ጂኤንአርኤች ያዛቸዋል፤ የሚሠሩት በእንቁልጢና በቆለጥ ላይ ነው። የጂኤንአርኤች ትእዛዝ በየተወሰነ ደቂቃ መፈንጠቅ አለበት፤ ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ዕጢው መስማት ያቆማል። በፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ቴስቶስተሮንን ለማውረድ የሚሰጡት የዚህ ሆርሞን አምሳያ መርፌዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

4. የእድገት ሆርሞን። ጂኤችአርኤች ያነሳሳዋል፣ ሶማቶስታቲን ይገታዋል። ጉበት የእድገቱን ሥራ የሚያስፈጽመውን አይጂኤፍ-1 የተባለ ሆርሞን እንዲያመርት ያደርጋል። ሆርሞኑ ራሱ በደም ውስጥ በድንገት ወጥቶ የሚወርድ በመሆኑ በዘፈቀደ የተወሰደ አንድ ናሙና ብዙም አይጠቅምም፤ የሚለካው ረጋ ያለው አይጂኤፍ-1 ነው። በዝቶ ሲጠረጠር 75 ግራም ግሉኮስ ይጠጣና ሆርሞኑ መውረዱ ይታያል።

5. ፕሮላክቲን። ጡት ወተት እንዲያመርት ያደርጋል። ሌሎቹ ሁሉ የሃይፖታላመስን ግፊት ሲጠብቁ፣ ፕሮላክቲን በዋናነት የተያዘው በእግድ ነው፤ ከሃይፖታላመስ የሚመጣው ዶፓሚን ሳያቋርጥ ያፍነዋል። በዚህ መስመር ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ሳይሆን የመግቻ ምልክት ያድርጉ።

ሰንጠረዡን ሲጨርሱ ከኮርቲሶል፣ ከቲ4ና ከጾታ ሆርሞኖች ወደ ፒቱታሪና ወደ ሃይፖታላመስ የሚመለስ ሰማያዊ ቀስት ያስምሩና በላዩ የመቀነስ ምልክት ያስቀምጡ። የታችኛው ሲበዛ የላይኛው ይቀንሳል፤ የታችኛው ሲያንስ የላይኛው ይጮኻል። ይህን አሉታዊ ግብረ መልስ በሚገባ ካልያዙ ደረጃ 8ን አይጀምሩ።

ደረጃ 5፦ የኋለኛውን ክፍል ይሙሉ

ኦክሲቶሲንና ኤዲኤች የሚመረቱት በሃይፖታላመስ ነርቮች ውስጥ ነው፤ በአረንጓዴዎቹ ጭረቶች ወርደው መጋዘኑ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የነርቭ ምልክት ሲመጣ ወደ ደም ይለቀቃሉ። ኦክሲቶሲን ማሕፀንን ያኮማትራል፣ የተመረተውን ወተትም ከጡት ያስወጣል። ፕሮላክቲን ያመርታል፣ ኦክሲቶሲን ያወጣል፤ ሁለቱን አያምታቱ። ኤዲኤች ኩላሊት ውኃ መልሶ እንዲመጥ ያደርጋል። ሲጎድል ሰውየው በቀን ከሦስት ሊትር በላይ ነጭ ውኃ የመሰለ ሽንት ይሸናል፣ ሌሊት ተነስቶም ይጠጣል። ይህ በሽታ ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ ሲባል ከስኳር በሽታ (ዳያቤቲስ ሜላይተስ) ጋር በስም ስለሚመሳሰል በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ስህተት ያስከትል ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት «የቫሶፕረሲን እጥረት» እንዲባል ያሳሰቡትም በዚህ ምክንያት ነው። ቫሶፕረሲን የኤዲኤች ሌላ ስሙ ነው።

ደረጃ 6፦ ሥዕሉን ይፈትኑት

አገዳውን በእርሳስ ይቁረጡ። መጽሐፍ ሳይገልጡ እያንዳንዱ ሆርሞን ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደሆነ ይጻፉ፤ ከዚያ መልስዎን ከሚከተለው ጋር ያስተያዩ።

የፊተኛው ክፍል ትእዛዝ ተቋርጧልና ኤሲቲኤች፣ ቲኤስኤች፣ ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤችና የእድገት ሆርሞን ይወርዳሉ። ፕሮላክቲን ግን አፋኙ ዶፓሚን ስለቀረ ይጨምራል። ኤዲኤችም ይጎድላል፤ ነገር ግን አምራቹ ነርቭ ከላይ በሕይወት ካለ፣ በተለይ ቆረጣው ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ እጥረቱ ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል።

ፕሮላክቲን ይወርዳል ብለው ከመለሱ ወደ ደረጃ 4 ተመልሰው አምስተኛውን መስመር እንደገና ይጻፉ። ኤዲኤች አይነካም ካሉ አረንጓዴ ጭረቶችዎን ይመልከቱ፤ በአገዳው ውስጥ አልሳሏቸውም ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ናሙናው በትክክል መወሰዱን ያረጋግጡ

ውጤት ከማንበብዎ በፊት ደሙ መቼና እንዴት እንደተቀዳ ይጠይቁ።

1. ኮርቲሶል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ይቀዳ። ማዘዣ ላይ «8:00» ብቻ ብለው አይጻፉ። አንዲት ታካሚ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት መጡ፤ ኮርቲሶላቸው በተፈጥሮው ዝቅ በሚልበት ሰዓት ተቀዳና የአድሬናል ድካም አለብዎት ተብለው ለሳምንታት ተጨነቁ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብለው በፊደል ይጻፉ፣ በቃልም ይንገሩ።
2. ኤሲቲኤች በቶሎ የሚበላሽ ሆርሞን ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለው ብልቃጥ ይቀዳ፣ በበረዶ ይያዝ፣ ፕላዝማው ፈጥኖ ይለይ። ብልቃጡ በሙቀት ከተጓዘ ዝቅ ያለ ውጤት ምንም አይነግርዎትም።
3. ፕሮላክቲን ከመቀዳቱ በፊት የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ይጠይቁ። ሜቶክሎፕራማይድ፣ ሃሎፐሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፐሪዶን ዶፓሚንን ስለሚያግዱ ከፍ ያደርጉታል። እርግዝናን ሳይመረምሩ ወደ ኤምአርአይ አይላኩ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒትን ግን ለምርመራ ብለው በራስዎ አያስቁሙ፤ ያዘዘውን ሐኪም ያማክሩ።
4. ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ መድኃኒት፣ በማንኛውም መልክ ተወስዶ እንደሆነ ይጠይቁ፦ ክኒን፣ የመገጣጠሚያ መርፌ፣ ቆዳ ለማንጣት የሚቀባ ክሬምም ቢሆን። እነዚህ ሁሉ ኤሲቲኤችን ሊያፍኑ ይችላሉ።
5. ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ባዮቲን አንዳንድ የሆርሞን መለኪያዎችን ያዛባል። ካለ ቢያንስ ለሁለት ቀን ይቁም።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን በጥንድ ያንብቡ

የፒቱታሪን ሆርሞን ብቻውን አያንብቡ። ሁልጊዜ ከታዛዡ ሆርሞን ጎን ያስቀምጡት፦ ቲኤስኤችን ከነጻ ቲ4 (በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ካልተጣበቀው ቲ4)፣ ኤሲቲኤችን ከኮርቲሶል፣ ኤልኤችን ከቴስቶስተሮን ወይም ከኤስትሮጅን ጋር። የታችኛው ዝቅ ብሎ የላይኛው ከፍ ካለ ጥፋቱ ከታች፣ ከታዛዡ ዕጢ ነው። የታችኛው ዝቅ ብሎ የላይኛው ዝም ካለ፣ ማለትም ዝቅ ወይም «ኖርማል» ከሆነ፣ ጥፋቱ ከላይ ነው። መጮህ የነበረበት አልጮኸምና ያ «ኖርማል» ኖርማል አይደለም።

ይህን ለልምምድ ባዘጋጀሁት ምሳሌ ይሥሩ። የ34 ዓመት ሴት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ጡቷ ወተት አልያዘም፣ የወር አበባዋ አልተመለሰም፤ አሁን ብርድ ይሰማታል፣ ይደክማታል። ቲኤስኤች 2.1 ሲሆን የላቦራቶሪው ኖርማል ከ0.4 እስከ 4 ነው። ነጻ ቲ4 0.4 ሲሆን ኖርማሉ ከ0.8 እስከ 1.8 ነው። የጠዋት ኮርቲሶል 2 ማይክሮግራም በዴሲሊትር፣ ሶዲየም 126፣ ፖታሲየም 4.2 ነው።

ቲኤስኤችን ብቻ ያየ ባለሙያ «ታይሮይድሽ ደህና ነው» ብሎ ይሸኛታል። እርስዎ ግን በጥንድ ያንብቡ፤ ቲ4 በግማሽ ወርዶ ሳለ ቲኤስኤች 2.1 ላይ መቀመጡ የፒቱታሪ ዝምታ ነው። የጠዋት ኮርቲሶል ከ3 በታች መሆኑ የኮርቲሶል እጥረትን በጥብቅ ያመለክታል፤ ከ15 በላይ ቢሆን ኖሮ እጥረቱ የማይመስል ይሆን ነበር፣ በመካከል ቢሆን ደግሞ የማነቃቂያ ምርመራ ያስፈልጋት ነበር። ሶዲየም የወረደው ኮርቲሶል ሲጎድል ኤዲኤች ስለሚበዛና ውኃ ስለሚጠራቀም ነው፤ ፖታሲየም ያልጨመረው ደግሞ አልዶስተሮን በሬኒን ስለሚታዘዝና ስላልተነካ ነው። ቆዳዋም አይጠቁርም፤ ቆዳ የሚጠቁረው አድሬናል ራሱ ታሞ ኤሲቲኤች ሲበዛ ነው። የወተቱ አለመምጣት ፕሮላክቲንን፣ የወር አበባው መቅረት ኤፍኤስኤችና ኤልኤችን ይጠቁማል። ሁሉም ወደ ደረጃ 3 ሥዕልዎ ይመልስዎታል።

በዕድሜ ምክንያት የወር አበባቸው በቆመ ሴት ላይ ኤፍኤስኤች ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ብሎ ካገኙት፣ ከወር አበባ ጋር የተያያዘ ቅሬታ ባይኖርም፣ ፒቱታሪን ይጠርጥሩ።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩና ታካሚው አልስማማ ሲሉ

ፕሮላክቲን በመጠኑ ከፍ ብሎ፣ ለምሳሌ 60 ናኖግራም በሚሊሊትር፣ ኤምአርአይ ላይ ደግሞ ትልቅ እባጭ ከታየ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ወተት አዛዥ ያልሆነ እባጭ አገዳውን ተጭኖ ዶፓሚንን አቋርጧል፤ በዚህ ጊዜ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 አይበልጥም። ሁለተኛው፣ ፕሮላክቲኑ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ መለኪያውን አጥለቅልቆ የሐሰት ዝቅተኛ ቁጥር አሳይቷል። ላቦራቶሪው ናሙናውን 1 ለ100 አቅጥኖ እንዲደግም ይጠይቁ፤ ቁጥሩ በሺዎች ከወጣ ሕክምናው በአብዛኛው እንደ ዶፓሚን የሚሠራ፣ ካበርጎሊንን የመሰለ ክኒን እንጂ ቀዶ ጥገና አይሆንም። አንድ ቀላል ጥያቄ ታካሚውን ከአላስፈላጊ ቀዶ ጥገና ሊያድነው ይችላል።

ፕሮላክቲን ከፍ ብሎ ምልክት ከሌለ ማክሮፕሮላክቲን፣ ማለትም ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ሥራ የማይሠራ ፕሮላክቲን፣ እንዲታይ ይጠይቁ። ቲኤስኤችም አብሮ ከፍ ካለ መጀመሪያ ታይሮይዱን ያክሙ፤ ቲአርኤች ፕሮላክቲንንም ያነሳሳልና።

ኮርቲሶል የጎደለው ሰው ስቴሮይድ ሲጀመርለት በድንገት ብዙ መሽናት ከጀመረ መድኃኒቱን አያቁሙ፤ ተሸፍኖ የነበረ የኤዲኤች እጥረት ነው የተገለጠው። ሶዲየሙን ይለኩ፣ ወደ ሐኪሙ ይመልሱት።

ማስጠንቀቂያ

በምሳሌው ላይ ላለችው ሴት የታይሮይድ ክኒን አስቀድሞ አይሰጣትም። ታይሮክሲን የሰውነትን የኮርቲሶል ፍጆታ ስለሚያፋጥን፣ ኮርቲሶል የሌላትን ሴት ግፊቷን ጥሎ ሊገድላት ይችላል። ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን ይቀድማል፣ ታይሮክሲን ይከተላል። ከዚያ በኋላ የታይሮክሲኗን መጠን በነጻ ቲ4 እንጂ በቲኤስኤች አይከታተሉ፤ የተበላሸውን ጠቋሚ ተከትለው ክኒኑን ሲቀንሱ ሴትየዋ ወደ ድካሟ ትመለሳለች።

ፒቱታሪው የተጎዳ ሰው ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ማስታወክ ይዞት ግፊቱ ከወረደ፣ ወይም በድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ከዕይታ መቀነስ ጋር ከመጣበት፣ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠብቁ። ከተቻለ ለኮርቲሶል ደም ቀድተው ወዲያው 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ወይም በጡንቻ እንዲሰጠውና ፈሳሽ እንዲጀመርለት ያድርጉ፤ ኤምአርአዩና የዓይን ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።